ከእግራችን በታች ያለው ደን

ስለ ቤት ሲነገር ጣሪያው ይወደሳል፤ በሩና መስኮቱ የባለቤቱን አቅም ይመሰክራሉ፤ ግድግዳው በሥዕልና በፎቶግራፍ ይሸለማል። ለቤተሰቡ አለኝታ የሆነ ሰው «የቤቱ ምሰሶ» ይባላል። «የቤቱ ወለል» ተብሎ የተመሰገነ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ወለል የሁላችንንም ክብደት ተሸክሞ ስሙ የማይነሣ የቤት አካል ነው። ስሙ የሚነሣው ሲበላሽ ነው፤ ያን ጊዜም የሚነሣው ሊነቀል ነው።

ይህች መጣጥፍ ስለዚያ መነቀል ናት። በየከተማው አሮጌ የጣውላ ወለል ያለው ቤት የያዘ ሰው ጥቂት ገንዘብ ሲያገኝ ቶሎ የሚታየው ጣውላውን አስነቅሎ ሴራሚክ ማስነጠፍ ነው። ገንዘቡ ያልደረሰለት ደግሞ የፕላስቲክ ምንጣፍ ያለብሰውና ዐይኑን ከእንጨቱ ያሳርፋል። ሁለቱም ቤታቸውን እንዳሳመሩ ያምናሉ። እኔ ግን አሮጌ የእንጨት ወለል፣ በስብሶ ካላለቀ በቀር፣ መታደስ እንጂ መነቀል የለበትም እላለሁ። ይህን የምለው ለአሮጌ ነገር ባለኝ ናፍቆት አይደለም። ከእግራችን በታች ያለው ጣውላ አንድ ጊዜ የተቆረጠ ደን ነው። እሱን ስንጥል ያንኑ ደን ለሁለተኛ ጊዜ እንቆርጠዋለን።

«አንተ ጋምቤላ ተቀምጠህ ስለ ጣውላ ወለል ምን አገባህ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጋምቤላ በባሮ ዳር፣ በቆላው ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ በበጋው መጨረሻ ሙቀቷ 40 ዲግሪ የሚደርስ ከተማ ናት። እዚህ የቤት ወለል በአብዛኛው ወይ ሲሚንቶ ነው፣ ወይ ሴራሚክ ነው፣ ወይም የተለቀለቀ ጭቃ ነው። ነገር ግን ስለ እንጨት ወለል ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። እንጨት የሚፈራቸው ነገሮች ሁሉ፣ ሙቀቱም ርጥበቱም ምስጡም፣ እዚህ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጣውላው የሚወጣበት ደን የክልላችን አካል ነው።

ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ሜጢና ወደ ጎደሬ የወጣ ሰው ሜዳው አልቆ ጥላ ሲጀምር ያያል። የመዠንግር ዞን ደን ነው። በዚያ ደን ዋንዛ አለ፤ ቀረሮ አለ፤ በጥላቸው ሥር ቡና አለ። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የመዠንግርን ደን በዓለም የባዮስፌር ክልሎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ይሁን እንጂ መዝገብ መጥረቢያን አያስቆምም። ደኑ ከአንድ ወገን በእርሻ፣ ከሌላው ወገን በጣውላ ፈላጊ ይገፋል። ጣውላ ፈላጊውም ከሰማይ የወረደ ሰው አይደለም። አልጋ የሚያሠራ፣ በር የሚያሠራ፣ ወለል የሚያሠራ እንደ እኔና እንደ አንባቢዬ ያለ ሰው ነው።

የአገሪቱ ሕግም ይህን ጉዳይ ቀድሞ አይቶታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 አራት አገር በቀል ዛፎችን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ። ከዚያ በኋላ በ1999 ዓ.ም. እና በ2010 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች የደን ሕጉ ተተክቷል። የአራቱ ዛፎች ስም መጠራት ግን አንድ ነገር ያስተምራል። እነዚህ የአያቶቻችን ቤት የተሠራባቸው ዛፎች ናቸው። ሕግ አውጪው ስማቸውን የጠራው እያለቁ ስለ ሄዱ ነው። ዝግባ ለመጋዝ የሚበቃ ግንድ ለማውጣት የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ይፈልጋል። ዛሬ የተነቀለውን የዝግባ ወለል በዝግባ ልተካ የሚል ሰው ችግኝ ተክሎ የልጅ ልጁን መጠበቅ አለበት።

አሮጌዎቹ የጣውላ ወለሎች በብዛት የሚገኙት እንደሚታወቀው በአዲስ አበባ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ያሠሩት ሆቴል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ወደ ሆቴሉ የገባ ሰው ደረጃውና ወለሉ ከእግሩ በታች ሲያቃስቱ ይሰማል፤ ያንን ድምፅ ሊሰማ ብሎ የሚሄድ እንግዳም አለ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ከሕንፃው ከፊሉን ሲያወድመው ብዙ ሰው እንደ ዘመድ ሐዘን ነበር የተሰማው። ቤቱ ተጠግኖ ዳግም እንግዳ መቀበሉ አሮጌ እንጨት ተስፋ የሚቆረጥበት ነገር አለመሆኑን ያሳያል።

ሁሉም ግን የጣይቱ ሆቴልን ዕድል አላገኘም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ጥቂት ሆነ፤ ጥቂት ኪራይም ቤት አያሳድስም። ተከራዩ «የራሴ ባልሆነ ቤት ለምን ገንዘቤን አፈሳለሁ?» አለ፤ አከራዩም ለእድሳት የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። በሁለቱ መካከል ወለሉ ባለቤት አጣ። ያልተቀባ ጣውላ በላዩ ውኃ እየፈሰሰበት፣ ከሰል እየወደቀበት፣ ፕላስቲክ እየተነጠፈበት ዐሥርተ ዓመታትን ተሻገረ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ለኮሪደር ልማት በርካታ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ከፈረሰው የተረፈውን መጠበቅ እንግዲህ በቀሩት ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ዕዳ ሆኖ ቀርቷል።

ለመንቀል የሚቀርቡትን ምክንያቶች በአንድ በአንድ እንያቸው።

«ጠቁሯል» ይባላል። ብዙ ጊዜ የጠቆረው እንጨቱ ሳይሆን በላዩ የተደራረበው የዓመታት ሰምና እድፍ ነው። ይህ ጥቁረት ከወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም፤ ሥሩ ያለው ጣውላ የመጀመሪያ ቀለሙን ይዞ ተቀምጧል። «ይጮኻል» ይባላል። የሚጮኸው የላላ ምስማር ወይም እርስ በርሱ የሚፋተግ የጣውላ ጠርዝ ነው፤ አንድ አናጢ በግማሽ ቀን ዝም ያሰኘዋል። «ተሰነጣጥቋል፣ ክፍተት አውጥቷል» ይባላል። ይህኛው ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ እንጨት ከተቆረጠ በኋላም መተንፈሱን አያቆምምና።

እንጨት ከአየሩ ርጥበት ሲጠጣ ወደ ጎኑ ያብጣል፤ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህን ለማየት ጋምቤላ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናቡ ሲወርድ በሮቻችን አብጠው አልዘጋም ይላሉ፤ በበጋው እነዚያው በሮች በነፋስ ይንቀጫቀጫሉ። ወለልም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በመጋቢት የታየውን ክፍተት ሁሉ በጠንካራ ስቱኮ የደፈነ ሰው በሐምሌ ጣውላው የሚያብጥበት ቦታ አጥቶ ሲጎብጥ ያየዋል። አስተዋይ አናጢ ክፍተቱን በሁለቱም ወቅት አይቶ በክረምትም የማይዘጋውን ብቻ ይደፍናል። በግድግዳው ዙሪያም የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ትቶ ጠርዙን በቀጭን ጣውላ ይሸፍነዋል። ያ ክፍተት የአናጢው ስንፍና ሳይሆን የእንጨቱ መተንፈሻ ነው።

እድሳቱ ራሱ ትዕግሥት እንጂ ምሥጢር የለውም። መጀመሪያ የላላው ይጠብቃል፤ የበሰበሰው ጣውላ ተለይቶ ይወጣና ከሌላ አሮጌ ቤት በተገኘ ተመሳሳይ እንጨት ይተካል። ብቅ ያሉ ምስማሮች ሁሉ ከጣውላው ገጽ ዝቅ እስኪሉ ይመታሉ። ይህ ከተዘለለ ምስማሩ የብርጭቆ ወረቀቱን ይቀድደዋል፤ ማሽን ከሆነም ብልጭታ አውጥቶ በሰጋቱራው ላይ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ከዚያ ወለሉ በሻካራው የብርጭቆ ወረቀት ይጀመርና ወደ መካከለኛው፣ በመጨረሻም ወደ ለስላሳው እየተሸጋገረ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይፋቃል። መስመሩን አቋርጦ የተፋቀ ወለል ጭረቱ ቀለም ሲቀባ ይጎላል። ትንንሽ ቀዳዳዎች ከዚያው ወለል በወጣ ሰጋቱራና በኮላ ተለውሰው ይሞላሉ፤ እንጨቱ የራሱን ቁስል በራሱ አካል ያክማል ማለት ነው። ሥራው ሲሠራ መስኮት ይከፈታል፤ አፍና አፍንጫም ይሸፈናል። የእንጨት ብናኝ ለሳንባ ደግ አይደለም፤ የድሮ ቀለም ከሆነ ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ልጆችን ከቤቱ ማራቅ ያስፈልጋል።

አንድ ሙሉ ፍቀት ከጣውላው የሚወስደው አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ እንግዲህ በዕድሜው ብዙ ጊዜ ሊታደስ ይችላል። በየሃያ ዓመቱ ቢፋቅ እንኳ ከዛሬው ባለቤት አልፎ የልጅ ልጆቹን ይሸከማል። ቀጭን ፓርኬት ግን ይህን ያህል ዕድሜ ስለሌለው ከመፋቁ በፊት ውፍረቱን መለካት ይገባል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው መቀባት ነው፤ ለግጥም ወዳጆች ደስ የሚለው ክፍልም ይኸው ነው። ቫርኒሽ ፈጣንና ጠንካራ ነው። ሲላጥ ግን ተለጥፎ የሚታደስ ስላልሆነ ወለሉ እንደገና ሊፋቅ ነው። ሰምና ዘይት ግን በተጎዳው ቦታ ላይ ብቻ ተጨምሮ ይታደሳል። ሰሙ ከሩቅ አይመጣም። የመዠንግር ሰዎች ቀፎአቸውን ከረጅም ዛፍ ላይ ሰቅለው ማር የሚያወርዱ ንብ አርቢዎች ናቸው። ኢትዮጵያም በዓለም ብዙ ሰም ከሚያመርቱ አገሮች አንዷ ናት። ዘይቱ የተልባ ነው። የተልባ ዘይት እንደ ምግብ ዘይት ቅባት ሆኖ አይቀርም፤ ከአየር ጋር ተዋሕዶ በእንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል። አንድ እጅ ሰም ከሦስት ወይም ከአራት እጅ የተልባ ዘይት ጋር፣ በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ቀልጦ ይዋሐዳል። ሰም 63 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አያስፈልገውም፤ አደጋም አለው። ቅባቱ በስሱ ይቀባል፤ ጥቂት ቆይቶ የተረፈው ይጠረጋል፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታልና የቸኮለ አይጀምረው። እንደ ጋምቤላ ባለ ሙቀት ደግሞ ሰም የበዛበት ወለል ይለሰልስና አቧራ ይይዛል፤ ለቆላ ሰሙን መቀነስ ይበጃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጽፍ አላልፍም። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ከተተወ ራሱን በራሱ አግሎ ሊቃጠል ይችላል። ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር። ወለል ለማዳን ቤት ማቃጠል አይገባም።

በቅኔ ትምህርት ሰሙ ሲነሣ ወርቁ ይገለጣል። በወለል ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ሰሙ ሲጨመር ነው ወርቁ የሚወጣው። ዋንዛ ሰም ሲነካው ቡናማው ይሞቃል፤ ጥድ ቅላቱን ያወጣል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሴራሚክ ስለ ማስነጠፍ እንደ በፊቱ በቀላሉ አያወራም።

የታደሰ ወለል የዕለት ተዕለት ጥበቃው ከዚህ ሁሉ ይቀላል። የወለል ቀንደኛ ጠላት በጫማ ሥር ተለጥፎ የሚገባው አሸዋ ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ስለዚህ በር ላይ ጫማ መጥረጊያ፣ ከተቻለም ጫማ ማውለቅ። የአልጋና የወንበር እግር ሥር ቁራጭ ጨርቅ። መጥረግ በለስላሳ መጥረጊያ፤ ማጽዳት በተጨመቀ ጨርቅ። ባልዲ ሙሉ ውኃ ደፍቶ ማጠብ ግን ለሲሚንቶ እንጂ ለጣውላ አልተፈጠረም። የፕላስቲክ ምንጣፍም በላይ ያማረ መስሎ በታች ርጥበቱን አፍኖ ያበሰብሳል።

ስለ ምስጥ የጋምቤላ ሰው ሳይናገር ቢቀር ያስተዛዝባል። በከተማችን ዳር ኩይሳውን ያየ ሰው ምስጥ ቸኩሎ እንደማይሠራ፣ ጀምሮም እንደማይተው ያውቃል። የሚመጣው ከአፈር ነው፤ በጭቃ የተሠራ ቀጭን መሄጃውን ግድግዳ ላይ እየመረገ ወደ እንጨቱ ይወጣል። የድሮ ግንበኞች የጣውላ ወለልን ከመሬት ከፍ አድርገው በድንጋይ መሠረት ላይ ያስቀምጡትና ከሥሩ አየር እንዲገባ በመሠረቱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ይተዉለት ነበር። ዛሬ «አይጥ ይገባበታል» ተብሎ ያ ቀዳዳ በሲሚንቶ ሲደፈን ሥሩ ይረጥባል፤ ርጥበቱም ምስጡንና ብስባሹን ይጠራል። ለአይጡ ወንፊት ሽቦ በቂ ነው። ቀዳዳውን መክፈትና በዓመት ሁለት ጊዜ በባትሪ ሥሩን ማየት ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ነገሩን በሒሳብ ቋንቋ ልድገመው። በሒሳብ መዝገብ ላይ አንድ ዕቃ በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ እየተነሣለት ዋጋው ወደ ዜሮ ይወርዳል። ዜሮ የገባ ጠረጴዛ ግን ደንበኛ ያስተናግዳል፤ ዜሮ የገባ ወንበር ሰው ያስቀምጣል። መዝገቡ የሚያውቀው የተከፈለውን ገንዘብ እንጂ የቀረውን አገልግሎት አይደለም። አሮጌ ወለልን «ጊዜው አልፏል» ብለን ስንነቅል የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ በልባችን መዝገብ ዜሮ ብለነዋልና ከነሕይወቱ እንቀብረዋለን። የእድሳቱ ገንዘብ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ሰፈሩ አናጢ እጅ ነው። የሴራሚኩ ገንዘብ ግን ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ሲሚንቶና ወደ ጭነት መኪና ነው። የአበው ተረት እንደሚለው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ሴራሚክን መሳደቤ ግን አይደለም። ለመታጠቢያ ቤት፣ ለማድ ቤት፣ ርጥበትና ምስጥ ለበዛበት ቆላ ቤት ሴራሚክና ሲሚንቶ ተገቢ ናቸው። እንዲያውም በጋምቤላ አዲስ ቤት ለሚሠራ ወዳጄ አዲስ የዋንዛ ወለል እንዲያስነጥፍ አልመክርም፤ ያ ዋንዛ ከሜጢ ደን ቢቆም ይሻለኛል። የእኔ ክርክር ከአዲሱ ሳይሆን ከነባሩ ጋር ነው። ያለውን ጠብቀን በቆየን ቁጥር አዲስ የሚቆረጠው ይቀንሳል። ደን ጥበቃ ችግኝ መትከል ብቻ መስሎ ይታየናል፤ ሰም ቀብቶ ወለል መወልወልም ደን ጥበቃ ነው።

ይህን ደግሞ ከሁሉ በተሻለ የሚያስተምሩን ጣውላ የሌላቸው ቤቶች ናቸው። በአኙዋ መንደሮች ሴቶች ወለሉን በጭቃ ለቅልቀው ያለሰልሱታል፤ ጌጥም ይሥሉበታል። ዝናብና እግር ሲያበላሸው «አረጀ» ብሎ ቤቱን የሚጥል የለም፤ እንደገና ይለቀለቃል። ዘንድሮ የተለቀለቀው ለከርሞም ይለቀለቃል። እዚያ ወለል ተሠርቶ የሚያልቅ ዕቃ ሳይሆን በየጊዜው የሚደገም ሥራ ነው። ጭቃ፣ በየወንዙ ዳር የሚገኝ ጭቃ፣ ይህን ያህል እንክብካቤ ካገኘ መቶ ዓመት ፈጅቶ ያደገ ዝግባ ምን ያህል ይገባው ይሆን?

እንደ ልማዴ በስንኝ ልሰናበት፤

ዘመን ሲረግጠው ችሎ የኖረውን፣
ጭቃና አቧራ መልኩን የነሣውን፣
አትንቀል ወለሉን፣ አትጣል እንጨቱን፤
በሰሙ ወልውለህ አውጣለት ወርቁን።
ዛፉስ አንዴ ሞቷል፣ ላንተ ሲል ተቆርጧል፤
እሱን ከጣልኸው ግን ሌላው ይከተላል።

ቸር እንሰንብት።